ስለ ማሳደጊያዬ የመጡ ሽማግሌዎች

አስራ ስምንት ዓመት በሞላኝ በሦስተኛው ሳምንት ቤታችን ሽማግሌ ተላከ። ይህን ስነግራቸው አበሻ ጓደኞቼ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ "ማነው ልጁ?" አሉኝ። ልጅ የሚባል የለበትም። ሽማግሌ የላከው አባቴ ነው፤ የተለመነችው እናቴ ናት። ልመናውም እኔን ለአንድ ጎረምሳ እንድትድር ሳይሆን፣ አባቴ ሳይከፍል የቀረውን የእኔን ማሳደጊያ እንድትምርለት ነው።

አባቴ የሚኖረው ሳን ሆዜ ነው። እኛ ኦክላንድ ነን፤ ቴሜስካል ሰፈር፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ። መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ሰዓት አይፈጅም። አባቴ ግን አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራፊክ ላይ ነበር። ሰባተኛ ልደቴ ላይ ያልተገኘው ትራፊክ ይዞት ነው። ትምህርት ቤት ድራማ ላይ ዛፍ ሆኜ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልነቃነቅ ስቆም ያላየኝም ትራፊክ ይዞት ነው። ፍርድ ቤቱ በየወሩ እንዲከፍል የወሰነበት ገንዘብም ለስምንት ወር ያህል ሲመጣ ቆይቶ እሱም ትራፊክ ውስጥ ገባና ቀረ።

ሲለያዩ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ያኔ ነርስ ለመሆን ትማር ነበር። ገንዘቡ ሲቀር ትምህርቱም ቀረ፤ ኤል ሴሪቶ ውስጥ የሰው እናትና አባት ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ጀመረች። እስከ ዛሬም ስራዋ ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን ኮሌጁ ለጥር እንደገና ቦታ ሰጣት፤ መመዝገቢያውን እስከ ወሩ መጨረሻ ከከፈለች። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። ወተት ባወጣሁ ቁጥር አነበዋለሁ፤ እሷ ግን አይታው እንዳላየች ታልፋለች።

አስራ ስምንተኛ ልደቴ ላይ አባቴን መንገዱ እንዴት እንደለቀቀው እንጃ፣ መጣ። ያውም በሰዓቱ! ያውም ለሃምሳ ሰው የሚበቃ ኬክ ተሸክሞ! ኬኩ ላይ በሰማያዊ ክሬም የተጻፈው "መልካም ልደት" አልነበረም፤ "እንኳን ደስ ያለን" ነበር። ጉንጬን ሳመኝና ወዲያው ወደ እናቴ ዞሮ፣

"በቃ አይደል? አስራ ስምንት ሞላት። አለቀ አይደል?" አላት።

ለካስ ያልተከፈለው ሁሉ እንደ ወተት ቀኑ ሲደርስ የሚደፋ መስሎታል። ይህን የሚያምነው እሱ ብቻ አይደለም፤ እንደ እሱ ያሉ የሳን ሆዜ ሹፌሮች ሁሉ ለአንዳቸውም ያልሆነውን እየተነጋገሩ ሲጽናኑ ኖረዋል። እናቴ ትልቁን ቁራጭ ቆርጣ ሰጠችው።

"ብላ" አለችው። "ያለቀው አዲስ የሚጨመረው ነው። የድሮው ባለበት አለ።"

ኬኩን ሳይጨርስ ሄደ። በሳምንቱ ፓስፖርቱን ሊያሳድስ ሲያመለክት፣ የማሳደጊያ ዕዳ ስላለብህ፣ ካልከፈልክ ወይም እናትየው ምሬዋለሁ ብላ ካልፈረመች አይታደስም አሉት። እሱ ደግሞ ለጥር የአዲስ አበባ ትኬት ቆርጧል። ሰርግ አለበት። የማን ሰርግ ቢሉ፣ የራሱ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ትምህርት ዝግ ስለነበር እኔም ቤት ነበርኩ። ሦስት ናቸው። ትልቁ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ባለ ከዘራው አባባ ናቸው። ሁለተኛው ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሼ ናቸው። ሦስተኛው ከአባቴ ጋር ኤርፖርት የሚሠራ ሹፌር ነው፤ ለሽምግልና ገና ቢሆንም ኮት ለብሶ ተሟልቷል።

"ኖር! ግቡ፣ አረፍ በሉ" አለች እናቴ።

"አንቀመጥም" አሉ ባለ ከዘራው። "እሺ ሳትይን አንቀመጥም።"

ወጉ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ይቆማል፤ ባለቤቱ ይጨንቀውና "ኧረ በማርያም ተቀመጡ" እያለ ይለምናል፤ ልመናው ሲበዛ ሳያስበው እሺ ይላል። እናቴ ወጉን ከእነሱ የባሰ ታውቀዋለች።

"እንደ ፈቀዳችሁ" አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ስድስት ሰዓት ላይ ስራ ትገባለች፤ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር።

ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ሳሎናችን ለቆመ ሰው አልተሠራም። ባለ ምግብ ቤቱን የቴሌቪዥኑ ጥግ ወጋቸው። ባለ ከዘራው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግራቸው ይቆማሉ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩና ታች የአባቴን መኪና አየሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይመጣም፤ ነውር ነው። እሱም አልመጣም እንዲባል ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ ተጋድሟል። ከፎቅ የሚታየው ጉልበቱ ብቻ ነበር።

"ልጄ" አሉ ባለ ከዘራው፣ "ያለፈው አልፏል። ልጅቷ ይኸውና ደርሳለች። ለደረሰ ልጅ ማሳደጊያ ምን ይሠራል?"

"ደርሳለች" አለች እናቴ፣ ኮሌታውን እየተጫነች። "ገንዘቡን ቆማ አልጠበቀችም። ሌላ ሰው አደረሳት።"

ከዚያ ወደ ባለ ምግብ ቤቱ ዞረች። "ጋሼ፣ አንድ ሰው እርስዎ ጋ ክትፎ ይበላል። ጥርሱን እየጎረጎረ ይነሳና 'አሁን ስለጠገብኩ ሂሳብ አያስፈልግም' ይላል። ምን ይሉታል?"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሱማ… በር ላይ ነው የምይዘው።"

"እኔም በር ላይ ነው የያዝኩት" አለች።

ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው። ባለ ከዘራው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ አንድ ሽማግሌ ወደቀ ማለት ነው። ነገሩ ሳይበላሽ ቶሎ በጽሑፍ ይሁን ተባለ። እናቴ ሳይን የምታደርግበትን ወረቀት ማን ይጻፈው? ባለ ከዘራው መነጽር አልያዙም። ሹፌሩ ከስልክ ውጪ ከጻፈ ዘመን የለውም። ባለ ምግብ ቤቱ የእጄን ጽሑፍ ከወጥ ቤት ሰራተኞቼ በቀር ማንም አያነበውም አሉ።

"ሚጣ ትጽፋለች" አለች እናቴ።

"አማርኛ?" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

አዎ፣ አማርኛ! ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በየቅዳሜው ቤተ ክርስቲያን ስማር ነበር፤ መናገሩን ባፍርም መጻፉን ማታ ማታ በደብተር ስለማመደው ኖሬያለሁ። ማንም አይቶልኝ አያውቅም። ያን ቀን እስክሪብቶ ይዤ ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ (ከቆሙት መሃል የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ) ዳኛ የተሾምኩ መሰለኝ።

"ጻፊ" አሉ ባለ ከዘራው። "የልጄ አባት ግዴታውን ስለተወጣ…"

እጄን አነሳሁ። "አባባ፣ 'ስለተወጣ' ልበል ወይስ 'ሊወጣ አስቦ ስለነበር'?"

"ዝም ብለሽ ጻፊ እንጂ፣ የኔ ልጅ።"

"እሺ። ግን ምስክር ሆነው የሚፈርሙት እርስዎ ስለሆኑ ነው።"

ባለ ከዘራው እግራቸውን ቀየሩ። እኚህ ሰው በየእሁዱ ቅዳሴ ላይ ፊት የሚቆሙ ናቸው፤ በውሸት ወረቀት ላይ ስማቸው መስፈሩ ቀለል አላላቸውም። ሹፌሩ ነገሩ እየላላ መሆኑን አየና ኮቱን ቆልፎ ወደ ፊት ወጣ።

"እናንተ አታውቁትም እንጂ" አለ፣ "ሰውየው ወርቅ ነው! ቃሉን አክባሪ ነው! እኔ የእቁቡ ዳኛ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ሳን ሆዜ ዘጠኝ ዓመት እቁብ ስንጥል፣ በየሰኞው፣ ዝናብ ይሁን በሽታ፣ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም! አንድም ቀን! ዕጣው ይኸው ትናንት ወጣለት፣ ለሰርጉ ብሎ እኔ ጋ አስቀምጦታል።"

ካውያው ቆመ።

ከታች የልብስ ማጠቢያዎቹ ሲሽከረከሩ ይሰማል። ሹፌሩ በመጀመሪያ የአድናቆት ዝምታ መሰለው፤ ፈገግ አለ። ከዚያ የእናቴን ፊት አየና ፈገግታውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

"ዘጠኝ ዓመት" አለች እናቴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "በየሰኞው።"

"እሱ እንኳን… እቁብ እኮ ማለት… ሰው ይታዘባል…"

"ይታዘባል?" አለች። "እኔ አልታዘብም?"

ይህን ስትል አይኗ ማቀዝቀዣው በር ላይ ነበር። የዚያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ደብዳቤውን አይታ እንዳላየች የምታልፈው ተስፋ ቆርጣ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ በትራፊክ ስቀልድ ኖሬያለሁ። እሷ ግን ሰውየው የለውም ብላ ነው የኖረችው፤ ቢኖረው ይሰጠን ነበር ብላ።

ባለ ከዘራው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። "አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ልታማልድ ወይስ ልትመሰክርበት?" ካሉ በኋላ፣ ማንም እሺ ሳይላቸው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እግዜር ያሳያችሁ! እሺ ሳይባል ሽማግሌ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

"ያን ወረቀት ቅደጂው" አሉኝ። "አዲስ አምጪ።"

ቀደድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ እያለኝ የቀደድኩት ነገር የለም።

አዲሱን ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው፤ አሳምሬ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። በዚህ ወር የወጣው ዕጣ ከዳኛው እጅ በቀጥታ ለእናትየው ይሰጣል። ቀሪው በየሰኞው ከእቁቡ እኩል ይከፈላል፣ በማሳደጊያ ቢሮው በኩል። ዕዳው ሳያልቅ እናትየው አንድም ወረቀት ሳይን አታደርግም። አንድ ሰኞ ቢያሳልፍ ዳኛው በእቁብተኛው ሁሉ ፊት ስሙን ይጠራል። ፍርድ ቤት አስራ ሁለት ዓመት ያላስፈራው ሰው፣ በአስራ አምስት ሹፌር ፊት ስሙ ከሚጠራ ሳን ሆዜን ለቆ ቢሄድ ይመርጣል። ሦስቱ ፈረሙ። እናቴ ሻይ አቀረበች።

ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። መንገድ የሚጠረግበት፣ መኪና ማቆም የሚከለከልበት ቀን ነበርና የአባቴ መኪና መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተሰክቶበታል፤ ተጋድሞ ስለነበር ቀጪው ሲመጣ አላየም። አንኳኳሁ። ጉልበቱ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ራሱ ተነሳ። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረገ።

"ሳይን አደረገች?"

"አላደረገችም። አንተ ነህ የምታደርገው።"

በቀዳዳው ሰጠሁት። አነበበ። እንደገና አነበበ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ጆሮው ቀላ።

"ማነው እንዲህ የጻፈው?"

"እኔ።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን። "አማርኛ ትጽፊያለሽ እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?"

"አንተ ትራፊክ ላይ እያለህ" አልኩት።

እስክሪብቶ ጠየቀኝ። የራሱ አልነበረውም።

ዕጣው ሐሙስ ዕለት ገባ። ዓርብ እናቴ ተመዘገበች፤ ደብዳቤውን ከማቀዝቀዣው በር ነቅላ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጥር ላይ ክፍል የገባች ቀን የተኮሰችውን ዩኒፎርም ሦስት ጊዜ ነው በመስታወት ያየችው። ዕዳው እስኪያልቅ ተብሎ ሰርጉ ወደ ፋሲካ ማግስት ተዛወረ። ሰኞዎቹን እስካሁን አላሳለፈም፤ ይህን ቀድሞም ይችልበት ነበር።

ባለ ከዘራው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "የዚያች ልጅ እጅ!" እያሉ ስላወሩልኝ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ይመጣብኝ ጀመር። ባለፈው ሳምንት አባቴም ኮል አደረገ። ድምጹ ማር ነበር።

"ሚጣዬ፣ የሰርጉን መጥሪያ ወረቀት ትጽፊልኛለሽ? ጥሩ ጥሩ ቃል ብታስገቢበት…"

"እጽፍልሃለሁ" አልኩት። "ግን ክፍያዬን በቅድሚያ ነው የምቀበለው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። ከዚያ "ስንት?" አለኝ።