ኦርጅናሉን ይዘሽ ነይ

ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ በነርስነት የምሠራበት ፕሮጀክት በጀቱ ተቋርጦ ሲዘጋ፣ ሁላችንንም በአንድ ቀን አሰናበቱን። እኔና ጓደኛዬ በአንድ መኪና ወደ ጋምቤላ ከተማ ተመለስን። እሷም ነርስ ናት፤ ኑዌር ነች፣ አክስቷ ከደቡብ ሱዳን ተሰዳ እዚያው ጀዊ ትኖራለች። እኔ ደግሞ ወላጆቼ ከደጋ መጥተው እዚህ የወለዱኝ ነኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ እናቴን የማኖራት እኔ ነኝ። እሷ የምትኖርበት ኒውላንድ ሰፈር ስንደርስ ጓደኛዬ ወረደችና በመስኮቱ በኩል፣ "ሥራ ካየሽ ንገሪኝ፤ እኔም ካየሁ እነግርሻለሁ" አለችኝ።

ሁለታችንም ምንም ሳናይ ወራት አለፉ። ሌሎቹ ድርጅቶችም ሰው ይቀንሱ ነበር እንጂ አይቀጥሩም። ጤና ጣቢያ ስንሄድ "ቅጥር ቆሟል" ይሉናል።

ማስታወቂያውን ያየሁት ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። ጎግ ወረዳ ውስጥ ያለ አንድ የጥጥ እርሻ ለሠራተኞቹ ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል። ባለሱቁ ከወሎ መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። ስልክ ቁጥሩን ስመዘግብ አዩኝ።

"ለዚህ ነው እንዴ ልጄ?"

"አዎ ሐጂ።"

"እነዚህ ሰዎች ዘንድሮ ይቺን ወረቀት ስንቴ እንደለጠፏት እኔ ነኝ የማውቀው። ግድግዳዬን ሙጫ በሙጫ አደረጉት።"

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ለጓደኛዬ ደወልኩላት፤ አብረን ሄድን። ቢሮው እዚያው ከተማ ውስጥ የተከራዩት መኖሪያ ቤት ነበር። ጠዋት ኑ ብለውን እስከ ቀትር ግቢው ውስጥ አቆዩን። ይቅርታም አልጠየቁን፣ ሂዱም አላሉን። የጽዳት ሠራተኛዋ ከቤት ወጥታ ውሃ በጆግ አመጣችልን። ገና ልንጠጣ ስንል ከውስጥ ስሟን ጠርቶ የሚጮህ የወንድ ድምፅ ሰማን። ሴትዮዋ እንደዚያ ስትሮጥ ሳያት ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም እንደማያንስ አሰብኩ።

መጀመሪያ ጓደኛዬ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ፊቷን ለማንበብ ጊዜ ሳላገኝ እኔን ጠሩኝ።

ሥራ አስኪያጁ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ያ ጩኸት ከእሱ መውጣቱን ለማመን ይከብዳል። አጠገቡ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ማስረጃዬን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

"ባል አለሽ?" አለኝ።

"የለኝም።"

"እጮኛስ?"

"ለሥራው ያስፈልጋል?"

"ያስፈልጋል እንጂ። ባል ያላት ሴት በየጊዜው ፈቃድ ፈቃድ ትላለች።"

ከእኔ በፊት የነበረችው ነርስ ለምን እንደለቀቀች ጠየቅሁት። "ሰነፍ ነበረች" አለ። ከእሷ በፊት የነበረውስ? "እሱም ያው ነው።" የሒሳብ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያያል። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም።

"እሺ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ መጥቶ አሞኛል ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ትኩሳቱን እለካለሁ። ለወባ ደሙን እመረምራለሁ።"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ። ከሥራ ለማምለጥ ነው የመጣው እንበል።"

"ሳልመረምረው በምን አውቃለሁ?"

ፈገግ አለ። "ትለምጂዋለሽ" አለኝ። ቀጥሎም ዲፕሎማዬ ኦርጅናሉ እሱ ዘንድ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። ኮፒው አይበቃም ወይ ስለው፣ ሠራተኛ እየጠፋ ስላስቸገረ ሁሉም ኦርጅናሉን እንደሚያስቀምጥ አስረዳኝ። "ከተስማማሽ ነገ ኦርጅናሉን ይዘሽ ነይ።"

ጓደኛዬ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ቆም አለች።

"ይሄ ሰውዬ የሚፈልገው ነርስ አይደለም፤ ጠባቂ ነው። በሽተኛውን ሥራ ግባ ብሎ የሚመልስለት። እኔ እምቢ ብዬዋለሁ።"

"ገብቶኛል።"

"ከገባሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"እናቴን ምን ላብላት?"

ባጃጅ አስቁማ እስክገባ ጠበቀችኝና በእግሯ ወደ ኒውላንድ ሄደች። በማግስቱ ዲፕሎማዬን ይዤ ተመለስኩ። የፈረምኩት ሳላውቅ አይደለም። ያየሁትን ሁሉ አይቼ፣ ሌላ የምሄድበት ስላጣሁ ነው።

እርሻው ከአቦቦ አልፎ፣ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ ነው። ክሊኒኩ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነበር፤ ከረፋድ በኋላ ውስጡ ጤነኛንም አያስቀምጥም። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ከማሳው ዳር ያለ ኩይሳ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ የመጡ ናቸው፤ ወባን ከዚህ በፊት እንደኛ አገር ሰው አያውቋትም። ዝናቡ ሲጀምር በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ደጄ ላይ ይሰለፉ ጀመር። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና፣ "ዛሬ ስንቱን ልታስተኚብኝ ነው?" ይለኛል። የወባ መመርመሪያው ሲያልቅ በየጊዜው አሳሰብኩ። "ይመጣል" አሉኝ። ያም ሆኖ የታመመውን ሥራ ግባ ብዬ አልመለስኩም። ካቦው ግን እኔ ተኛ ያልኩትን ከመኝታው እየጎተተ ያስነሳዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሠራተኛን ወንድሙ ተሸክሞት መጣ። ሰውነቱ ይነድዳል፤ ይቃዣል፤ ወንድሙንም አይለይም። እጄ ላይ የነበረው ኪኒን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መዋጥ አልቻለም። ካቦውን መኪና ለመንኩት። ሥራ አስኪያጁ ሳይፈቅድ እንደማይንቀሳቀስ ነገረኝ። ኩይሳው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

"ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል፤ አቦቦ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት" አልኩት።

"መኪናው ነዳጅ ሊያመጣ ነው። ጠዋት ይወሰዳል።"

"እስከ ጠዋት አይቆይም እኮ፣ እባክዎ!"

"አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ?" ብሎ ዘጋው።

ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ተመልሼ ሄጄ በሽተኛውን ከወንድሙ ጋር በውሃ ስናቀዘቅዘው ቆየን። ወንድሙ አማርኛው ጥቂት ነው። "ይድናል?" ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ መልሶ ይጠይቀኛል። ጠዋት በትራክተር ተጎታች ላይ ጭነው ወሰዷቸው። ትራክተሩ ተመለሰ፤ እነሱ አልተመለሱም። ካቦውን ስጠይቀው፣ "ተሽሎት አገሩ ገብቷል" አለኝ። ሌላ ቀን እንደገና ስጠይቀው፣ "የቱ?" አለኝ። ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራውን ለቅቄ ወደ ከተማ መጣሁ። የክልሉ ጤና ቢሮ ገብቼ የሆነውን ተናገርኩ፤ ያነጋገረኝ ሰው በትዕግሥት ሰማኝና፣ "የግል ድርጅት ነው፤ እስቲ እናያለን" አለ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ዲፕሎማዬንና የሥራ መልቀቂያዬን ጠየቅሁ።

"ተተኪ አምጪና ውሰጂ" አለኝ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ።

"ሰው አምጥቼ እዚያ ላስገባ?"

"ጓደኛ የለሽም?"

ተመላለስኩ። አንዴ የለም ይሉኛል፤ አንዴ ስብሰባ ላይ ነው ይሉኛል። በመጨረሻ ስሄድ በሩ ተቆልፏል። የቤቱ ባለቤት ተከራዮቹ ዕቃቸውን ጭነው እንደሄዱ፣ ወዴት እንደሆነ ግን እንደማያውቅ ነገረኝ። ስልኩም ጥሪ አይቀበልም። ኮሌጁ ምትክ ዲፕሎማ ለመስጠት ጠፋ የሚል የፖሊስ ማስረጃ ይፈልጋል። ፖሊስ ደግሞ፣ "ወረቀቱ አልጠፋም፤ ማን እንደያዘው ካወቅሽ ክሰሺው" አለኝ። የት ሄጄ እንደምከሰው አላውቅም። ምትኩ ቢገኝ እንኳ የሚቀጥረኝ ሁሉ ከበፊቱ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ አምጪ ይለኛል።

እናቴ የቤታችንን ግማሽ አከራየች። አሁን በአንዲት ክፍል ከእሷ ጋር ነው የምኖረው።

ጓደኛዬም ሥራ አላገኘችም። የአክስቷ ራሽን ሲቀነስ ድንበር ተሻግራ ደቡብ ሱዳን አጎቷ ጋ ልትሄድ ወሰነች። እዚያ ውጊያ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከመሄዷ በፊት ባሮ ድልድይ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተገናኘን።

"አንቺ ነበርሽ ትክክል" አልኳት።

"ትክክል ሆኜ ምን አገኘሁ?" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ የምሯን ነበር የጠየቀችኝ። ስለዚያኛው ወንድሙን ስለተሸከመው ሰው ነገርኳት፤ ሰማችኝና ለሁለቱም እንጸልይ አለች። እዚያው ጠረጴዛው ላይ አንገታችንን ደፋን፤ እሷ በኑዌርኛ ጸለየች። ከዚያ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ኢታንግ ስትደርስ ደውላልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።