አባቴ በጡሩንባው የተጠየቀ ዕለት

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገበያ መሀል ረጅም ግንድ ተክሎ ጫፉ ላይ አፉ የሰፋ የብረት ጡሩንባ ሰቀለ። ሬዲዮ መሆኑ ነው። በአዘቦት ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወሬና የሰልፍ ሙዚቃ ያስጮሁበታል። በገበያ ቀን ግን ወሬው የአገር ቤት ነበር። ከግንዱ ሥር ከሳንቃ በተሠራ መድረክ ላይ አስተርጓሚው ወንበር ይዞ እንግዳ ያነጋግራል፤ አንድ ሳምንት ነጋዴ፣ አንድ ሳምንት ቄስ።

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ሕክምናውስ?»

«እሱም ጥሩ ነው።»

እንግዳው የሚመልሰው በዋዜማው የተነገረውን ነው፤ ገበያተኛውም እህሉን እየሰፈረ በግማሽ ጆሮ ይሰማል።

ሳልዋሽ ልጻፍና፣ እኔ ያን ጡሩንባ እወደው ነበር። «እንደምን ዋላችሁ?» ሲል ገበያው በሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ይመልስለታል። እናቴማ ከበርበሬዋ ፊት ብድግ ብላ እጅ ትነሳለች። ጎረቤቶቿ ሲስቁባት፣ «እንዴት ዋልሽ ብሎኝ ዝም ልበለው?» ትላቸው ነበር።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ዱር ገብቶ ነበር። ያሳደገው አባቴ ነው፤ አባቴ ቁም ካለው ይቆማል፣ ና ካለው ይመጣል። ይህን ጣሊያኖቹም ደርሰውበት ኖሯል። አባቴን ጠሩና፣ በሚመጣው ገበያ እንግዳ ሆነህ አገሩ ሰላም መሆኑን ትመሰክራለህ፣ ወንድምህንም ምሕረት ተደርጎልሃልና ና ግባ ትለዋለህ አሉት። በዚያ ምሕረት የገቡ ሰዎች ምን እንደሆኑ አይተናል። እንቢ ቢል ደግሞ እስር ቤቱ ለራሱ ነው። ጡሩንባው ሳይውል ሳያድር የእንግዳውን ማንነት ለፈፈ፤ ወሬውም እስከ ዱሩ ዘለቀ።

አባቴ ያን ሳምንት ከበሬዎቹ ኋላ ብቻውን ሲያወራ ሰነበተ። እናቴ «አሞዎታል እንዴ?» ስትለው፣ «እየተሟገትሁ ነው» አላት። ሙግት ነፍሱ ነበር፤ ጣሊያን ፍርዱን ሁሉ ወደ ቢሮው ካስገባው ወዲህ ግን አፉን የሚያፍታታበት አጥቶ ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰና መድረኩ ላይ ወጣ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ልጅ ነው፤ የቤተሰቡን ሙግት ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ እየሰማ ያደገ፣ አሁን ግን ኮትና ባርኔጣ የለመደ። የጣሊያኑ ሹም ከጎኑ ቆሟል። ሰላምታው አለቀ።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩን፤ አገሩ ሰላም ነው ወይስ አይደለም?»

አባቴ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ ዱላውን አነሳ።

«ልጄ፣ የምትጠይቀኝ ለጨዋታ ነው?»

«ኧረ የቁም ነገር ነው።»

«እንግዲያስ ሕዝብ መሀል፣ ሹም ፊት የሚጠየቅ ሰው፣ ጠያቂው ዋስ ሳይጠራ መልሶ አያውቅም። ዋስ ጥራ!»

በእኛ አገር ሙግት፣ ተሟጋች ከቆመው ሰው መሀል አንዱን ዋስ ካልጠራ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። አስተርጓሚው «ይህ ሬዲዮ እንጂ ችሎት አይደለም» ቢል ኖሮ እዚያው ባለቀ ነበር። አላለም። «ዋስ ጥራ» ሲባል እንደ አባቱ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እጠራለሁ!» አለ። ወዲያው ወደ ገበያው ዞረ። «ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ያኔ ገበያው አበደ። ቁናው ተጣለ፣ ጤፉ ፈሰሰ፤ ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ተንጋጋ።

«መጀመሪያ ኮትህን አውልቅ! ሙግት በኮት አይሆንም!»

«ሹሙ ዋስ ይሁንህ፣ አጠገብህ አይደል!»

«ርስቱ የታለና? ርስት የሌለው ሰው ዋስ አይሆንም!»

ሹሙ አማርኛ አያውቅም። ጡሩንባው ይህን ያህል ሰው ሰብስቦ አያውቅምና በደስታ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል፣ ከአህዮቹ በኩል፣ «እኔ ዋስ ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጭድ የተሸከመ ሰው ነው፤ ጭዱ ፊቱን ሸፍኖታል።

«አገርህ የት ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ዲማ።»

«ርስት አለህ?»

«ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምካፈለው አለኝ።»

አባቴ ምራቁን ሲውጥ በጡሩንባው ገበያው ሁሉ ሰማው። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። አጎቴ ነበር። ዱር ከገባ ወዲህ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አናውቅም ነበር።

አባቴ ወደ ጡሩንባው መናገሪያ ተጠጋና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦ «ይህን ዋስ አልቀበልም! ወደ መጣበት ይመለስ! አሁኑኑ ይመለስ!»

«ሰውዬው ምን አጠፋ?» ብሎ ገበያው አጉረመረመ።

«እንግዲህ ካልፈለጋችሁኝ!» አለ ባለ ጭዱ፤ አህዮቹ መሀል ገብቶ ጠፋ።

ሌላ ዋስ ሳይገኝ ዝናብ መጣ። አስተርጓሚው እንደ ደንቡ፣ «ዋሴን ፈልጌ ለሚመጣው ገበያ ልቅረብ» አለ። ሕዝቡ «ተቀጥሯል!» ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚው ለሹሙ በጣሊያንኛ ረዘም አድርጎ አስረዳው፤ ሹሙም የአባቴን እጅ ጨበጠ። በሚቀጥለው ገበያ አንዱ ዋስ ከሚስቱ ጋር ይካሰሳል ተብሎ ተሻረ፣ በሌላው ሌላ እንከን ተገኘ። ነገሩ እንዲሁ ሲጓተት ክረምት ገባ፤ ጡሩንባው ውኃ ገባበትና ወረደ። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አንዳንዶች አባቴ ሹሙን በአማርኛ ሰደበው ብለው ያወራሉ። አልሰደበውም፤ ቆሜ ሰምቻለሁ። አስተርጓሚው ባለ ጭዱን ዐውቆት ነበር ወይ ለሚሉኝ ደግሞ፣ ያላወቅሁትን አልጽፍም።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ፣ ከተማው ከኋላችን ሲሰወር አባቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥሁ። ለካ እየሳቀ ነው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል።

«ድምፁን ሰማሽው?» አላት እናቴን።

«ሰማሁት እንጂ!»

«ሳል የለበትም። ደረቱ ደህና ነው።»

«ጭዱንም ቀጥ ብሎ ነው የተሸከመው» አልሁ እኔ።

«ኧረ ይቺ ልጅ ዐውቃዋለች!» አለች እናቴ፤ እሷም ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሳቀች።

ከዚያ እስከ ደጃችን ድረስ አባቴ «እኔ ዋስ ነኝ» እያለ በወንድሙ ድምፅ ደጋገመው፤ እናቴም በየጊዜው እያስቆመች፣ «አይደለም፣ ትንሽ ጎርነን ያለ ነው፤ እንደገና ይበሉት» ትለው ነበር።