ወርዶ የሚመለሰው ድልድይ

የእናቴ እግር በጫማ ውስጥ ሆኖ ያን ያህል ትንሽ ነገር እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

አጎቴ የሚኖረው ዋጫ ነው። ከቦንጋ ተነስተን ልንጠይቀው ስንሄድ እናቴ መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ትላለች። በእግሯ ተሻግራ ከማዶ ትሳፈራለች።

«እማማ፣ ድልድዩን ሊመዝኑት ነው እንዴ?» ይላታል ሾፌሩ።

«እሱ ነው እኔን የሚመዝነኝ። ይንቀሳቀሳል እኮ።»

ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ኋላ ሾፌሮቹ መቆም ሰለቻቸው፤ እሷም መሳቂያ መሆን ሰለቻትና ዋጫ መሄዷን ተወች። አጎቴ ሲታመም እንኳ የጠየቀችው በስልክ ነው።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ቅየሳ ስማር ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ያንኑ ድልድይ በሳተላይት እንድንለካ ሲልከን የእናቴን ነገር ለማንም አላነሳሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ መቀበያ ከወንዙ ዳር፣ በማይነቃነቅ መሬት ላይ ይተከላል፤ ሌላው ድልድዩ መሀል ላይ። ሁለቱም ከሳተላይቶቹ የሚመጣውን ምልክት እኩል ይቀበላሉ። የዳሩ ካለበት ስለማይነሳ፣ የመሀሉ ምን ያህል እንደወረደና እንደወጣ ከእሱ ጋር ተነጻጽሮ ይታወቃል።

የመጀመሪያ ቀን የዳሩን መቀበያ ትልቅ ዛፍ ሥር ተከልነው። የእኛ አገር ሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ዛፍ ነው፤ ዝናቡም ፀሐዩም አይታመንም። ኮምፒውተሩ ላይ ስናየው ድልድዩ ወዲያና ወዲህ ይዘላል።

«ሰርግ አለበት መሰለኝ» አሉ አለቃዬ።

ለካ ቅጠሉ ሰማዩን ጋርዶብን ኖሯል። በማግስቱ መቀበያውን ገላጣ ሜዳ ላይ አዛወርነው።

ከዚያ ቡና የጫነ ከባድ መኪና መጣ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዝቅ አለ፤ ድልድዩ የወረደው የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። መኪናው ሲያልፍ መስመሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመና ብቻ ነው። ከዚያ ደመና በላይ፣ ሐሳቤ ተጉዞ በማይደርስበት ርቀት የሚዞር ነገር በሚልከው ምልክት የእኛ ድልድይ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለቱ ታወቀ። እናቴ ግን ምንም ሳትተክል አውቃዋለች። አለቃዬ ሁለቴ ጠርተውኝ አልሰማሁም።

የዚያን ዕለት ልነግራት እችል ነበር። ግን «ይንቀሳቀሳል» ብቻ ብላት ፍርሃቷን ማጽናት ይሆናል። የሚያስፈራው ወርዶ የማይመለስ ድልድይ ነው፤ ይሄኛው ሁልጊዜ መመለሱን ማረጋገጥ ነበረብኝ። በክረምትም በበጋም ደጋግመን ለካን። መሐንዲሶቹም ወርደው ምሰሶውንና ብረቱን ፈተሹ። ደህና ነው ተባለ።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ጓሮ እንሰቱ ሥር ስታርም አገኘኋት።

«እማዬ፣ ድልድዩ ይንቀሳቀሳል። ለክቼዋለሁ።»

እጇ ቆመ። «አላልኩም?»

«ብለሻል። ግን ይመለሳል። ከባድ መኪና ሲወጣበት ይወርዳል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። መንቀሳቀሱ ደህና ነው።»

እጇን በቅጠል ጠረገች።

«እንግዲያው ነገ ወንድሜን ልየው» አለች። «ድልድዩ ጋ ግን እወርዳለሁ።»

«አብሬሽ እወርዳለሁ» አልኳት።