ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ወፎች

ባለቤቴ ጉባ፣ የግድቡ ሥራ ላይ ገልባጭ መኪና ይነዳ በነበረበት ጊዜ እኔ አሶሳ ውስጥ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለማስተምር አይታወቅብኝም። ቤት ስገባ ግን ያጠብኩትን ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ፣ እስከ ውጭ በር ሄጄ እመለሳለሁ፣ ስልኬን አነሳና መልሼ አስቀምጣለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ባለቤቴም አብሮ ይጠፋል። መንገዱ ላይ ችግር አለ የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ከሰማሁ ደግሞ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም።

ይህን ሁኔታዬን አይታ ነው አንዲት ባልደረባዬ ወፍ ቆጠራ ውስጥ ያስገባችኝ። የወለጋ ልጅ ናት፣ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜ ጠዋት በየግቢያቸው ተቀምጠው ወፍ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሯት፤ ያዩትን በቴሌግራም ይልኩላታል። እኔ መቀመጥ የሚሆንልኝ ሰው እንዳልሆንኩ ነገርኳት።

«ግማሽ ሰዓት ነው» አለችኝ። «ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የሞተ የለም።»

ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ አሮጌ የእጅ መነጽር አዋሰችኝና ደንቡን አስረዳችኝ። ከአንድ ቦታ መነሳት የለም። ከእያንዳንዱ ዓይነት በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ብቻ መመዝገብ ነው፤ አለዚያ አንዲት ዋኖስ ስትመላለስ ብዙ ትሆናለች። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ገባኝ። የከበደኝ ወንበሩ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች እንዳይሆኑ አድርጌ አበላሸኋቸው። ድንቢጦቹ ልብስ ማስጫው ሥር ወርደው ጥሬ መልቀም ሲጀምሩ ስልኬ የጮኸ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ፤ እነሱም ብር ይላሉ። አጥሩ ዳር ባለው ማንጎ ላይ ምንቃራቸው ቢጫ የሆነ ትልልቅ ግራጫ ወፎች ይመጣሉ፤ ድምፃቸው የሰው ሳቅ ነው። እኔ በጭንቀት ተወጥሬ እነሱ ከላይ ሲስቁ አንድ ቀን ጫማ ወረወርኩባቸው። ለባልደረባዬ ስነግራት አልተቆጣችም፤ ከመወርወርሽ በፊት ስንት ነበሩ ብላ ጠየቀችኝ።

እየቆየሁ ስሄድ ግን ግማሹ ሰዓት የሳምንቱ መደገፊያዬ ሆነ። እግሬ መሬቱን ይደበድባል፣ ዓይኔ ግን ቅርንጫፉ ላይ ነው። ጉንጯ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለባት ሰማያዊ ወፍ ስትመጣ ለጥቂት ጊዜ ስለ መንገዱ ማሰብ አቆማለሁ። ከዚያ እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቆጠራውን ጨርሼ ወንበሬን ሳነሳ የውጭው በር ተንኳኳ። በጎረቤት ግቢ የሚኖሩት የበርታ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው። በመንገድ ስንተላለፍ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ ያለፈ አንተዋወቅም። ይግቡ ስላቸው አልገቡም።

«መምህር» አሉኝ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው፣ «ይሄ መነጽር ምን ያያል? እኛ ቤት ሴት አለ። እዛ ጋ ይታጠባል።»

የጠረጠሩት ያኔ ገባኝ። የግራጫዎቹ ወፎች ማንጎ በእነሱ በኩል በቅሎ አጥሩ ላይ የተደገፈ ነው፤ እኔ ወደ ዛፉ ሳይ ከወዲያ ሆኖ ለሚያየኝ ሰው በቀጥታ ግቢያቸውን ነው የማየው። ያ ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰውን የሚጠረጥርበት ነበር። ከሌላ አገር የመጣች ሴት በየሳምንቱ በመነጽር እያየች ስልኳ ላይ ትጽፋለች። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። እየተንተባተብኩ ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው፣ መነጽሩንም ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና ሳያዩበት መለሱልኝ።

«ወፍ ከሆነ እኛ ጋ ይቆጠር» አሉ። «እኛ እናያለን።»

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። አልሄድም ብል ጥርጣሬው ይበረታል፤ ብሄድ በጠባቂ ፊት መቀመጥ ሊሆን ነው። ባልደረባዬ ቦታ ከተቀየረ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል እንጂ ክፋት የለውም አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ሚስትየዋ አግዳሚ ወንበር አውጥተው ከማንጎው ሥር አስቀመጡልኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ሰውየው በረንዳው ላይ ሆነው ያዩኛል። ሚስትየዋ ወፉ ተቆጥሮ ማን እንደሚበላው ጠየቁኝ። ማንም አይበላውም፣ ቀነሰ ወይስ ጨመረ የሚለውን ለማወቅ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ድሮ ከዝናብ በፊት የሚመጡ ጥቋቁር ወፎች እንደነበሩ፣ የተዘራ ማሽላ ለቅመው እንደሚጨርሱ ነገሩኝ። ከዚያ እግሬን አዩ።

«ምን ይፈልጋል እግርህ?» አሉኝ።

ባሌ ጉባ እንደሆነ፣ ድምፁን ከሰማሁ እንደቆየሁ ነገርኳቸው።  እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉና እዚያው ተዉት፤ ቆጠራው እስኪያልቅ አላነሱትም። ሰውየው ከበረንዳው ገቡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወጥተው አልጠበቁኝም።

ባለቤቴ የደወለው በሌላ ቅዳሜ፣ ከማንጎው ሥር ተቀምጠን ሳለን ነው። ስልኩ ሲጮህ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ዛፉ ላይ የነበረው ሁሉ በረረ። ኔትወርኩ ተቆርጦ እንደነበረ፣ ደህና እንደሆነ፣ በቅርቡ ፈቃድ እንደሚወጣ ነገረኝ። ሳላለቅስ ልናገረው አልቻልኩም። ሚስትየዋ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ በግቢው ውስጥ ዞሩ።

ፈቃድ ወጥቶ ሲመጣ ከስቶ ነበር። ሁለት ቀን ተኛ። ቅዳሜ ጎረቤት ይዤው ሄድኩ፤ ግን እሱ ከእኔ ብሶ ተገኘ። ዓይኑ እያየ ጣቱ ጉልበቱ ላይ መሪ ያዞራል። ቆጠራው ሳያልቅ ተነስቶ የሰውየውን የተንጋደደ በር ሊጠግን ሄደ። ማታ እራት ላይ ያሰብኩትን ነገርኩት።

«አትመለስ» አልኩት።

«ውሉ አላለቀም።»

«እኔ ግን አለቅሁ።»

ምግቡን ገፋ አደረገው። «አውቃለሁ» አለ፤ ግን ሄደ። ተቆጣሁት፣ ስንቁን ግን ቋጠርኩለት።

የግድቡ ሥራ ሲያልቅ ውሉም አለቀና መጣ። አሁን ከባምባሲ ድንጋይና አሸዋ ያመላልሳል፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ጭንቀቴ በዚያው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። መሸት ሲል መኪናው ካልተሰማኝ አሁንም እስከ በር እሄዳለሁ። ወደ ደብረ ማርቆስ ለመመለስ ያስገባሁት የዝውውር ማመልከቻም ከየቢሮው መልስ እየጠበቀ ነው፤ ቢፈቀድልኝ መሄድ እፈልግ እንደሆነ ግን ራሴን ስጠይቅ መልሱ በየቀኑ ይለያያል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሚስትየዋ ጋር እንቀመጣለን። እሳቸው ዋኖሶቹን ይቆጥራሉ፣ እኔ የቀረውን። ባለፈው ሳምንት በዋኖሶቹ ላይ እሳቸው ብዙ አሉ፣ እኔ ጥቂት አልኩ፤ ተከራክረን ሳንስማማ ቀረንና የሁለታችንንም ቁጥር ለባልደረባዬ ላክሁ።