ዓይኗን የማትጨፍነው ልጅ

ባሂራ ቡታጅራ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት። ክፍሏ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ልጆቹ ሲረብሹ ጠረጴዛውን በዳስተር ትመታለች፤ ለአፍታ ጸጥ ይሉና መልሰው ይንጫጫሉ።

ባለፈው ክረምት ወልቂጤ ላይ ለመምህራን ስልጠና ተሰጠ። ልጆች ሲናደዱ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያረጋጉ የሚረዳ ዘዴ ነው ተባለ፦ ዓይንን ጨፍኖ፣ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ልብ ማለት። ባሂራ መጀመሪያ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ስትሞክረው ግን ቀለል አላት።

መስከረም ላይ ከልጆቹ ጋር ጀመረችው። አንዱ ለማስመሰል ሲያንኮራፋ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልተወችውም፤ እያደር ከእረፍት መልስ የሚነሳው ጠብ ቀነሰ።

ሩፋይዳ ብቻ ዓይኔን አልጨፍንም አለች። እንሴኖ የነበረው ቤታቸው ተቃጥሎ እናቷ ስለሞተች፣ አክስቷ ሳሌሃ ጋ ነው የምትኖረው። ሳታስበው የነካትን ሁሉ ትነክሳለች።

ባሂራ ለብቻዋ ጠራቻት። "ለምንድን ነው የማትጨፍኚው፣ የኔ ልጅ?"

"ስጨፍን ጭሱ ይመጣል፣ ቲቸር።"

ባሂራ ወልቂጤ ላይ ያሰለጠናቸው ሰው ጋ ደወለች።

"ባለሙያ ሊያያት ይገባል" አላት።

"እዚህ ባለሙያ የት አለ?"

ስለዚህ ራሷ እንደመሰላት አደረገች፤ ሩፋይዳን "አንቺ ሳትጨፍኚ በመስኮቱ ባሕር ዛፉን እያየሽ ተንፍሺ" አለቻት።

አንድ ቀን አንድ የክፍሉ ልጅ የሩፋይዳን እግር ረገጠ። ሩፋይዳ ልትነክሰው ጎንበስ ካለች በኋላ ቆመች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ዛፉ ዞረች። ባሂራ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ እንባዋን ጠረገች።

በሳምንቱ ሩፋይዳ ቀረች። ባሂራ ከሥራ ስትወጣ ወደ ሳሌሃ ቤት ሄደች።

"አሰላሙ አለይኩም። ልጅቷን አሟት ነው?"

"ወአለይኩም ሰላም። ደህና ናት። ነገ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ትሄዳለች፤ ሕፃን ትይዝላቸዋለች።"

"እሷ ራሷ ሕፃን ናት እኮ! ገና አሁን መረጋጋት ጀመረች።"

"አጥቼው ነው? ባሌ አልጋ ላይ ነው፤ የራሴን ልጆችም ማብላት አቅቶኛል።" ሳሌሃ ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ ትወስጃታለሽ?"

ባሂራ የተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ እዚያም የተኙት ሕመምተኛ እናቷ ታሰቧት። ከዚያ ቀበሌ ሄዳ አመለከተች፤ "ዘመድ ከወሰዳት ምን ማድረግ እንችላለን?" አሏት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ደረሰች። ሩፋይዳ ሚኒባስ ውስጥ፣ ባሂራ የማታውቃት አንዲት ሴትዮ አጠገብ፣ ፌስታሏን ታቅፋ ተቀምጣለች።

"ቲቸር፣ እዛም ትምህርት ቤት አለ?"

"አለ" አለች ባሂራ። ይልኳት እንደሆነ ግን አላወቀችም። "ሲጨንቅሽ..." ብላ ስትጀምር ረዳቱ በሩን ዘጋው።

መኪናው ከወጣ በኋላም እዚያው ቆማ ቀረች። ትምህርት የሚጀመርበት ሰዓት አልፏል። የሚቀጥለው መኪና ረዳት መጥቶ "አዲስ አበባ ነሽ፣ እህቴ?" አላት። አይደለሁም በሚል ራሷን ነቀነቀች።