የእትዬ ጽጌ ባል ሱፍ የለበሰ ዕለት

ካሳራኒ፣ ናይሮቢ፣ ንጋት

ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ወጣን። እትዬ ጽጌ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ፎቶውን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በፌስታል አድርጋ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ መቀስ አለ። ለምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም።

ፎቶው በደርግ ጊዜ ባሏ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጦር ግንባር የተነሳው ነው። ከዚያ አልተመለሰም። ሌላ ፎቶ የላትም። ዘንድሮ ቤታችን እርጥበት ገብቶ ጠርዙን ሻጋታ ጀመረው። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የሐበሻ ፎቶ ቤት፣ ምስሉ ጨርሶ ሳይጠፋ ይገለብጥልናል ተብሎ ነው የምንሄደው።

በተሳፈርንበት ሚኒባስ፣ በማታቱው ውስጥ፣ ሙዚቃው ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። እትዬ ጽጌ ለረዳቱ በአማርኛ፣ "ቀንሰው፣ ባለቤቴ ጩኸት አይወድም" አለችው። "ሳዋ ማማ!" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ ድምፁን ግን ጨመረው።

መሀል ከተማ፣ ረፋድ

ዝናብ ስላለ ታሪፉ መቶ ሺሊንግ ገብቷል። በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ፣ ማንዳዚ፣ ገዛሁ። ዘይቱ ፎቶው ላይ እንዳይደርስ ብላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድበላ አደረገችኝ። መንገደኛው ሁሉ የተቀጣሁ መስሎታል።

ሳውዝ ሲ፣ እኩለ ቀን

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቲ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ ነው። እጁን ታጥቦ ነጭ ጓንት አጠለቀ። እትዬ ጽጌ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ሻጋታውን ልትጠርግ ስትል ጮኸ።

"ኖ ኖ ማማ! ፊቱ ይለቃል!"

"ስንት ዓመት እንዲህ ነው የጠረግኩት።"

"ለዛ ነዋ አፍንጫው የጠፋው!"

ሳቄን ዋጥኩት። እሷ ግን ትእዛዟን ቀጠለች፤ "ሦስቱን አውጣና እሱን ሱፍ አልብሰው። ክራባትም።"

ናቲ ፎቶውን በስካነር ሊያነሳ ማሽኑን ሲከፍት መቀሱን አወጣች። "ቆይ፣ መጀመሪያ ልቁረጠው። የገዛሁት ፍሬም አይበቃውም።"

እኔ "አውርዱኝ" ማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። እጄ ግን ቀድሞኝ መቀሱን ያዘ።

"እትዬ፣ የእነሱ እናቶች ሌላ ፎቶ ባይኖራቸውስ?"

ወደ ፎቶው ጎንበስ አለች። ከዚያ በስተቀኝ የቆመውን፣ ጥርሱ እስኪታይ የሚስቀውን በጣቷ አሳየችን።

"ይሄ ግርማ ነው። ለሠርጌ የተሠራውን ዶሮ ብቻውን የጨረሰ!"

"ለዶሮ ብለሽ ልትቆርጪው ነው?" አለ ናቲ።

መቀሱ ወደ ቦርሳው ተመለሰ። "እሺ፣ ይቀመጡ። ግን ስማቸውን ጻፍ። ያለ ስም ማን ያውቃቸዋል?" የአራቱንም ስም አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም ከምስሉ ጋር አስቀመጠው። ሱፉም አልቀረባትም፤ ባሏ ብቻውን ሱፍ የለበሰበት ሌላ ቅጂ ተሠራላት።

ካሳራኒ፣ ማምሻ

ዋናው ፎቶ ናቲ በሰጠን ወረቀት ተጠቅልሎ ደረቅ ሳጥን ውስጥ ገባ። እትዬ ጽጌ ሱፍ የለበሰውን ቅጂ አምፖሉ ስር ይዛ ብዙ አየችው።

"ያምራል" አለች። ቆይታ፣ "ግን ማን ነው?"

መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አራቱ ያሉበትን ትልቁን ቅጂ ያለ ፍሬም ግድግዳው ላይ ሰቀልንላት። ራቅ ብላ ቆመች፣ ባሏን አየችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ወደ ግርማ ዞረች።

"አንተ፣ እዚህም ተከትለኸው መጣህ? ግባ እንግዲህ። ዶሮ ግን የለም።"