የጨው ስልቻና የአዋሽ ሙላት

ጣሊያን በሮቢት በኩል የመኪና መንገድ በሚያስጠርግበት ዘመን፣ እኔ ከቆላ ጨው እየጫንኩ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የማወጣ ነጋዴ ነበርኩ። ትምህርቴ ከግመል ኋላ መሄድ ነው፤ አስተማሪዎቼም ሚዛን የሚሰርቁ ሰዎች። ጥሩ አድርገው አስተምረውኛል።

አንድ ክረምት የታላቅ እህቴ ባል ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ባንዶቹ እሱን ሲያጡት፣ እህቴን ከነሕፃኗ አስረው እጁን እንዲሰጥ ሊያስገድዱት መቁረጣቸውን ገበያ ላይ ሰማሁ። ገበያ ላይ የማይሰማ ነገር የለም። ሳይቀድሙኝ እህቴንና ልጇን ይዤ ከነጭነቴ ወጣሁ። የባሏ ዘመዶች ያሉት ከአዋሽ ማዶ ነው፤ እዚያ ከደረሰች የሚነካት አይኖርም። ግን ነሐሴ ነው። ደጋው የዘነበበትን ሁሉ ወደ አዋሽ ለቆታል። ድልድዩ ሩቅ ነው፤ እሱም ላይ ወታደር ቆሞበታል። የቀረን ታንኳ ብቻ ነበር።

ታንኳ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የፍየል ስልቻ ይነፋል፣ አፉ በጠፍር ይታሰራል፣ ከላዩ እንጨት ይረበረብበታል፤ በቃ። የሚያሻግሩን ከአባቴ ጋር የነገዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ዋናተኞቹ ሁለት ልጆቻቸው ናቸው፤ ሁለቱም ሚስት ያገቡ፣ ሁለቱም ከአባታቸው ቀድመው የማይናገሩ።

ረፋድ ላይ ወንዙ ዳር ስንደርስ ስልቻዎቹ ተነፍተው ግራር ላይ ተሰቅለዋል። ሽማግሌው አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሰማህ? ከበሮ ነው!»

«የድሮዎቹ የት ሄዱ?»

«ጅብ በላቸው። እነዚህን ከገበያ ነው የገዛኋቸው።»

ጠጋ ብዬ የአንዱን ስፌት ላስኩት። ጨው ነጋዴ ያላመነውን ነገር ይልሳል፤ ልማድ ነው።

«ምን ነካህ አንተ? ቁርስ አልበላህም?» አለች እህቴ።

«የጨው ስልቻዎች ናቸው» አልኩ።

«ታዲያስ?» አሉ ሽማግሌው። «ከትናንት ጀምረው እንደተነፉ ናቸው። ትንሽ እንኳ አልሟሸሹም።»

«አየሩን የያዘው ቆዳው አይደለም፣ አባባ፤ ጨው ነው። ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ውሃ ሲያገኘው ይሟሟል።»

«አንተ ሳትገረዝ ጀምሮ ሰው አሻግሬያለሁ!»

«አውቃለሁ። ግን ያሻገሩት በወተት ስልቻ ነው።»

ልጆቻቸው ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ። የፈረደችው እህቴ ናት። «የምሰምጠው እኔ ነኝ፣ የምትጨቃጨቁት እናንተ! ንከሩትና እንየው።»

አንዱን ስልቻ ከድንጋይ ጋር አስረን፣ ወንዙ ጥግ ያለ ኩሬ ውስጥ ከተትነው። ምንም የለም። ሽማግሌው ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ሳቁብኝ፤ አባት ሲስቅ ልጆቹም ተፈቅዶላቸው ሳቁ። ዙሁር ደርሶ ስለነበር ሄደን ሰገድን። ስንመለስ ስልቻው ስፌቱን ተከትሎ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ እሳት ላይ ያለ የሽሮ ድስት ነው የሚመስለው። ስናወጣው እንደ ባዶ ኪስ ተልፈስፍሷል።

ሽማግሌው መፋቂያቸውን ወረወሩት። «የእናንተ የነጋዴዎች ሥራ ነው! ቀዳዳውን በጨው እየደፈናችሁ ትሸጡልናላችሁ።»

«ወላሂ እኛ አንደፍንም። ጨው ራሱ ይደፍነዋል፤ እኛ ዝም እንላለን።»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። ከቤቷ ከወጣን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሳቁ ግን አልቆየም። ከብቱን ሊያጠጣ የወረደ አንድ ሰው፣ ባንዶች ገና ከሩቅ ወደ ወንዙ እየመጡ መሆናቸውን ነገረን። ሽማግሌው እኔን አዩኝ። እኔ ጭነቴን አየሁ።

ጭነቴ ውስጥ ሰም ነበረ፤ ለአንኮበር ካህናት ጧፍ እንዲሆን ልሸጥላቸው ያስቀመጥኩት፣ ንጹሕ ሰም። እስላም ለቄስ ሰም መሸጡ የሚያስቀው ካለ ይሳቅ፤ ካህናቱ ጥሩ ደንበኞች ነበሩ። ፈታሁት። ስልቻዎቹን እየነከርን ጨዋቸው እስኪለቅ አሸናቸው። ቀዳዳው ራሱን ሲያሳይ ቆዳውን ሰብሰብ አድርገን በእሾህ እንወጋዋለን፤ እሾሁን በጅማት እንጠመጥመዋለን፤ ከዚያ ለእሳት አሳይተን በሰምና በሞራ እንለቀልቀዋለን። ሰሙ ሲያልቅ ሁለት ስልቻዎች ቀሩ። እነሱን ሳንነካቸው፣ እንደተነፉ ግራሩ ላይ ተውናቸው።

እንጨቱ ተረብርቦ ከታሰረ በኋላ ሽማግሌው ወገባቸውን ቀና አደረጉ። «ከዚህ በኋላ የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ መሀል ተቀመጪ። አንተ ከኋላ፤ አፍህ ይከብዳል።» ልጆቻቸው ለአዞ ውሃውን የሚመቱበት ዱላ ይዘው ግራና ቀኝ ገቡ። «ልጁን ደግሞ ከጀርባሽ አውርጂው።»

«ለምን አወርደዋለሁ?»

«ታንኳው ቢገለበጥ አብሮሽ ይሰምጣል። ከጅብ ከተረፈችው ከትንሿ ስልቻ ጋር ለብቻው ይታሰር፤ እሱ እንኳ ይንሳፈፍ።»

እህቴ አንቀልባውን ፈታች። ልጁን ከመስጠቷ በፊት ግን ትንሿን ስልቻ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ! ይህችን ላሳት!»

ላስኳት። ወተት ወተት ትላለች። ልጁን አሰርነው።

«ቢስሚላህ!» አሉ ሽማግሌው፤ ልጆቻቸው ገፉን። አዋሽ ተቀበለንና ወደ ታች ይዞን ነጎደ። ዋናተኞቹ እየተነፈሱ፣ እየገፉ፣ ዱላቸውን እየሰነዘሩ ወደ ማዶ አዘነበሉን። እኔ የማየው ከበታቼ ያለውን ስልቻ ብቻ ነው። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

ወንዙን አጋምሰን ስናልፍ ባንዶቹ ዳር ደረሱ። ተኮሱ፤ ጥይቱ ውሃ መታ። ከዚያ አለቃቸው ግራሩ ላይ የቀሩትን ስልቻዎች አየ። በእጁ መታ መታ ሲያደርጋቸው ከሩቅ አየሁት። ከበሮ መሆናቸውን አውቄያለሁ። ከግንድ ጋር አሰሯቸው፣ ጠመንጃዎቻቸውን ከላዩ ጫኑ፣ ሁለት ሰዎች ይዘውት ገቡ።

እኛ ማዶውን ስንነካ እነሱ ገና ዳሩን ብዙ አልለቀቁም። ክብደት የተጫነው ስልቻ ጨውን ቶሎ ይለቃል፤ መጀመሪያ ግንዱ አዘመመ፣ ከዚያ ጠመንጃዎቹ ተንሸራተው ገቡ፣ ከዚያ ሰዎቹ አንገታቸው ድረስ ገብተው ወደመጡበት መንቦጫረቅ ጀመሩ። በሳር ተንጠላጥለው ሲወጡ አለቃቸው አንዱን በጥፊ አጮለው። ጠመንጃዎቻቸውም፣ ወደ እኛ የሚያሻግራቸው ታንኳም አዋሽ ውስጥ ቀርተዋል።

እህቴ ልጇን ፈታ አቀፈችው። እንቅልፉን ለጥጦ ተኝቷል። የባሏ ዘመዶች ከቁጥቋጦው ሲወጡ እልልታዋ ወንዙን ተሻገረ። ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም። ውሃው አፍ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደዚያ ማዶ ጮኹ።

«እናንተ! ሳትልሱት ነው እንዴ የገባችሁት?»